ሊቁ ያሻሻለው ፍሪጅ

[ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየዋ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ የገዙት ዕድሜ የጠገበ ፍሪጅ፣ ከምድጃው ጎን ቆሞ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል። የሴት ልጃቸው ባል ካቻቢቴ ይዞ ፍሪጁ ፊት ተንበርክኳል። «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው። አጠገቡ የቆመው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከእናቱ ጋር እዚሁ ቤት ይኖራል። ነገሩ ሁሉ ቀስ ስለሆነ ሰፈሩ «ቶሎ» ይለዋል። በመዳፉ በረዶ የሆነ ቲማቲም ይዟል።]

ሊቁ፦ ቲማቲም ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም። አታጋንን።

ቶሎ፦ አላጋነንኩም ጋሼ። ቢላዋው ታጠፈ እንጂ እሱ አልተቆረጠም።

ሊቁ፦ ቢላዋህ ደንዞ ነው።

ቶሎ፦ እንቁላሉም ተሰነጣጠቀ። ወተቱም ሲያንኳኩት ይጮኻል። እነሱም ደንዘው ነው?

ሊቁ፦ ፍሪጅ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። ሥራ አበዛ ብለህ ልትከሰው ነው?

ቶሎ፦ እኔ ምን ቸገረኝ። ግን የእማዬ የስኳር መድኃኒት ቦታው ይሄ ነው። ነርሷ «በረዶ ከሆነ ጣሉት፣ አይሠራም» ብላለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ እማዬ መርፌዋን ትወጋለች።

ሊቁ፦ እስከዚያ ጨርሼ ሻይ እየጠጣሁ ታገኘኛለህ። [የፍሪጁን በር ወረቀት ላይ ዘግቶ ወረቀቱን ይስባል።] የበሩ ጎማ ደህና ይዟል። እንግዲያው ጋዙ በዝቶበታል።

ቶሎ፦ ጋዝ ዝም ብሎ ይበዛል እንዴ? ባለፈው ሳምንት እርስዎ ሊያሻሽሉት እስኪመጡ ድረስ ደህና ነበር እኮ።

ሊቁ፦ ምስጋና ቢስ። የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው ፍሪጁ ውስጥ ተቀብሮ፣ ለማዞር በር ስትከፍቱ፣ ስትጎነበሱ ትኖሩ ነበር። ነቅዬ ከላይ አሰርኩላችሁ። አሁን ቆመህ እንደ ሬዲዮ ታዞረዋለህ።

ቶሎ፦ ሬዲዮስ አንዳንዴ ይዘጋል።

ሊቁ፦ አርፈህ ብርሃን ያዝልኝ።

ቶሎ፦ [ባትሪውን ወደ ፍሪጁ እያበራ] ጋሼ፣ ፍሪጁ ውስጡ መቀዝቀዙን በምን ያውቃል?

ሊቁ፦ ማሽን ምን ያውቃል? የሚያውቅ ሰው ነው።

ቶሎ፦ ይሄ ከመቆጣጠሪያው የወጣው የመዳብ ጅራትስ? ምድጃው ጋ የተንጠለጠለው።

ሊቁ፦ ትርፍ ነው። ጫፉ ከምንም ጋር እንዳልተያያዘ አላየህም? ፋብሪካ ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምራል።

ቶሎ፦ እሺ።

[በረዶ የሆነውን የወተት ከረጢት እንዲሟሟ ምድጃው ጎን ያስቀምጠዋል፤ የመዳቡ ጅራት ከከረጢቱ ሥር ይገባል። ሊቁ ሞተሩን በካቻቢቴው እጀታ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ጥቂት ቆይቶ ፍሪጁ ቀጭ ይልና ዝም።]

ሊቁ፦ ሰማህ? እጅ ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

[ቶሎ ወተቱ መሟሟቱን ሊያይ ያነሣዋል። ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል።]

ሊቁ፦ ምን ነካህበት? [ቸብ ያደርገዋል። ቶሎ ወተቱን ይመልሳል። ዝም።] አየህ፣ ለእኔ ይታዘዛል።

ቶሎ፦ እስቲ ሳይመቱት ይዘዙት።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ቶሎ፦ [ወተቱን አንሥቶ] አሁን ይነሣል። [ይነሣል። ወተቱን መልሶ] ትንሽ ይታገሡት፤ አሁን ይተኛል። [ይተኛል።]

[ሊቁ ወተቱን አየ። ካቻቢቴውን አየ። ከዚያ የሚያየው አጣ።]

ቶሎ፦ ትርፍ ያሉት ጅራት ብርዱን የሚቀምስበት ምላሱ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ አውጥተው ምድጃ ጋ ሰቀሉት። የሚቀምሰው የምድጃውን ሙቀት ነው፤ «ገና አልቀዘቀዝኩም» እያለ ሌት ተቀን ይለፋል። [ጅራቱን በድሮው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።]

ሊቁ፦ [ድምፁ ወርዶ] ቆይ፣ መድኃኒቱ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ውስጥ ነበር? ወይ ጉዴ። አሥራ ሁለት ሊሆን ነው እኮ። እህትህንስ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ቶሎ፦ መድኃኒቱ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ምንም አልሆነም።

ሊቁ፦ [ወንበር ስቦ ተቀመጠ።] ተመስገን። ቲማቲሙ በረዶ ሲሆን ነው የወሰድከው?

ቶሎ፦ ኧረ ከዚያ በፊት ነው። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደውላ «ፍሪጃችሁን ሊያሻሽልላችሁ ከቤት ወጥቷል» ስትለኝ።

ሊቁ፦ ገና ሳልደርስ?

ቶሎ፦ በሕይወቴ ቶሎ ያደረግኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።