ከገደሉ ሥር የተኛው ትከሻ

«በሜዳው ማዶ ፈረስህ ከታየኝ፣
በሬን አልዘጋም... ም... ም...»

ዶኛ ሳቱርኒና ዘፈኑን ከዚህ በላይ አያውቁትም። የሚያንጎራጉሩት ሲፈሩ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ ይውላሉ።

በዓለም ላይ አንዲት ፈሪ አክስት የሌለችው ሰው የለም። በሳላዶ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ለፌርሚን ግን የፈሪዎች ሁሉ እመቤት ደርሳዋለች። ክብርት አክስቱ ዶኛ ሳቱርኒና ነፋስ ይፈራሉ፤ ነፋሱ ጸጥ ሲልም «ምን አስቦ ነው ዝም ያለው?» ይላሉ። ወንበሩን ነቅንቀው፣ እግሮቹን ነካክተው፣ ጣሪያውን አይተው ካልሆነ አይቀመጡም። ሐኪም ጤነኛ ነዎት ያላቸው ዕለት አልጋ ያዙ፤ የደበቃቸው ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል።

ከሁሉ የባሰው ፍርሃታቸው ግን ከመሬት በታች ነው። ዝናብ የወንዙን ገደል ባጠበ ቁጥር፣ አበባ የተቀረጸባቸው የሚመስሉ፣ መዳፍ የሚያክሉ የአጥንት ቅርፊቶች ይረግፋሉ። ሜዳው ላይ የሚሮጠው አርማዲሎ የሚባለው ትንሽ እንስሳ እንደሚለብሰው ያለ ጥሩር ስባሪዎች ናቸው፤ የእነዚህ ባለቤት ግን በሬ የሚያክል፣ ዘሩ ከጠፋ ዘመን ያስቆጠረ አውሬ ነው። መንደርተኛው ቅርፊቱን በር ያስደግፍበታል። ዶኛ ሳቱርኒና ግን የአያታቸውን ቃል ይዘዋል፦ አውሬው አልሞተም፤ ከሥር እየቆፈረ ይኖራል። ቅርፊት ከረገፈ «ትከሻውን ሊያዞር ነው» ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል፣ ድንኳን የሚያክል ሙሉ ጥሩር ከገደሉ ሥር ብቅ አለ። ፌርሚን ቀጣዩ ሙላት ሳይወስደው አውጥቶ ለከተማው ሙዚየም ሊሰጥ ቆርጦ ተነሳ። ገደሉን ከሥር እየቦረቦረ ገባ፤ ጓደኛው ባሲሊዮ ደጅ ሆኖ አፈሩን ይዝቃል።

እሑድ ቀትር ላይ ዶኛ ሳቱርኒና ለምሳ ሊጠሯቸው መጡ። ባሲሊዮ አውሬውንም ይጋብዙት እንደሆነ ጠየቃቸው። አልሰሙትም። ዓይናቸው ከላይ ነው። አንድ ቅርፊት ከገደሉ ግንባር ተነቅሎ አካፋው ላይ ቋ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አፈር፣ እንደ ዱቄት፣ በቀስታ።

ፌርሚን ከውስጥ ሆኖ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ይሂዱ አላቸው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ገቡ። ከአልጋ ሥር ጫማ ለማውጣት የሚፈሩት ሴትዮ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የፌርሚንን ቀበቶ በሁለት እጃቸው ጨመደዱት። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

«አንተ ካልወጣህ እኔም አልወጣም» አሉ። «ትከሻውን ሲያዞር ሁለታችንንም ያግኘን።»

ፌርሚን በአውሬው አላመነም። ግን የአክስቱ ሽበት ላይ የሚዘንበውን አፈር አየ፤ በዕድሜው ሙሉ የሳቀበት ፍርሃት በቀበቶው በኩል ወደ እሱ ተሻገረ። ዶማውን ጥሎ፣ አቅፏቸው ወጣ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው አኻያ ዛፍ ሳይደርሱ ገደሉ ከኋላቸው ተናደ። ምድር ከሥራቸው አገሳች። አቧራው ሲበተን ጥሩሩም፣ ዶማውም፣ ጉድጓዱም የሉም። ባሲሊዮ ኮፍያውን አውልቆ፣ መልሶ ማድረጉን ረስቶ ቆመ።

ቤት ሲደርሱ የሥጋና የበቆሎ ፑቼሮው ቀዝቅዟል። ፌርሚን ገደሉን የበላው ውሃው ነው፣ አውሬ የለም፣ ሊላቸው አፉን ከፈተ። ሽበታቸው ላይ የቀረውን አፈር አየና ተወው።

«አክስቴ፣ አሁንስ ተኛ?»

ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘነበሉ። «ለጊዜው።»

ፌርሚን ወንበሩን ነቀነቀ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ አቀረበላቸው። ዶኛ ሳቱርኒና ቁጭ ብለው በሉ።