የአያ በላቸው ተረከዝ

መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና የሚያውቀውን ያህል ባለመኪናው አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የኛ የአዘዞው ክቡር የጎማ መርማሪ አያ በላቸው ናቸው። አገራቸው መካነ ብርሃን ሳሉ በቅሎ ሲጭኑ ኖሩ እንጂ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ሆኖም የቆመ መኪና ባዩ ቁጥር ጎማውን በተረከዛቸው መትተው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና "ንፋሱስ?" ይላሉ። አንዴ የሬሳ መኪና ሳይቀር መትተዋል፤ ያውም ለቀስተኛው ፊት።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ግፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራለሁ፤ የራሴን ጎማ ግን ለክቼ አላውቅም። ይቺን አሮጌ መኪና የገዛሁ ዕለት ያደረግሁት ጥንቃቄ ቢኖር፣ ቄስ ጠርቼ አራቱንም ጎማ ጠበል ማስረጨት ነው። አያ በላቸው መስቀል ተሳልመው እንዳበቁ ጎማዬን መቱ።

"ጠበሉ ሸጋ ነው፤ ንፋሱስ? ከኋላ የተኛው ስኮርታ ጎማስ? በቅሎ እንኳ ስትጫን ኮቴዋ ይታያል።"

የሚስቴ እህት ዝናሽ ስትዳር ሙሽራዋን ዳባት የማድረሱ ክብር ለኔ ደረሰኝ። ልንነሳ ስንል፣ አማቾቼ በተሰለፉበት፣ አያ በላቸው መጥተው የፊቱን ግራ ጎማ ሁለቴ መቱት።

"ይኸ ተላጭቷል። ምነው ሳትቀይረው?"

"አያ፣ ዛሬ እንኳ አያሳፍሩኝ።"

ጋቢያቸውን መለስ አድርገው ሄዱ።

ኮሶዬ ዳገት ላይ ያው ግራ ጎማ ፈነዳ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ መንገድ ዳር ቆመች፤ የሙሽራው ወገን በየደቂቃው ይደውላል። መቀየሪያውን ስኮርታ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም፤ ጠበሉ እንኳ እሱ ዘንድ አልደረሰም። ተስፋ ቆርጬ በመዳፌ ተጫንኩት። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

ባለቤቴ እታገኘሁ መሬት መሬት እያየች፣ "ትናንት አያ በላቸው የመኪናዋን ቁልፍ ከኔ ተቀብለው፣ እስከ ጎሚስታው ድረስ እያንከባለሉ ወስደው አስነፉት። 'አትንገሪው፤ የተማረ ሰው ነው፣ ይከፋዋል' አሉኝ" አለች።

ሙሽራዋ በሰዓቷ ደረሰች። ማንሻው ክሪክ ከመኪናዋ ሥር የት ጋ እንደሚገባ ያሳየችኝም ራሷ ሙሽራዋ ናት።

ባለፈው ወር አያ በላቸው ታመው ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ሰፈሩ ጭር አለብኝ፤ ናፈቁኝ። እሁድ ጠዋት መኪናዬን ነድቼ ደጃቸው አቆምኳት። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። አራቱንም መቱ፤ ምታቸው ደክሟል። ስኮርታውንም አውርጄ እግራቸው ስር አቆምኩላቸው።

"ንፋሱስ፣ አያ?" አልኳቸው።

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ።

"ሸጋ ነው" አሉ። "ቁልፉን ግን እታገኘሁ ዘንድ ተውልኝ።"