ድኛለሁ ያልኩ ሰሞን

በጉባኤ ፊት፣ ማይክ ጨብጬ፣ ዋሽቻለሁ። ከዚህ በላይ ላለሳልሰው አልችልም።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። አገራችን ለታመመ ሰው የፈቀደችለት መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ "ብሶብኛል"፣ ወይ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኛለሁ"። በሁለቱ መሃል ያለውን፣ ለቀቅ ያደረገ ግን ገና ያልተወ ሕመም፣ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የለም። ሙዝ ተሸክሞ የመጣ ጠያቂ ጥርት ያለ መልስ ይፈልጋል። ይገባዋልም፤ ሙዝ ከባድ ነው።

የእኔው የጀመረኝ አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ነው። ጣሪያው ተነስቶ ይዞር ጀመር። ቁም ሳጥኑ ተከተለው፤ ቁም ሳጥኑን ደግሞ ባለቤቴ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ እንዳደረገ፣ "ምን ሆንሽ?" እያለ። ሐኪሙ ነገሩ ከውስጥ ጆሮ መሆኑን ነገረኝ፤ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ተዛብቷል። ዋናው መዞር ቶሎ እንደሚተወኝ፣ ርዝራዡ ግን ሰንበት ሊል እንደሚችልም አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነበር። መዞሩ ቆመ፤ መሬቱ ግን ጫሞ ሐይቅ ላይ እንዳለች ጀልባ ከሥሬ ቀስ እያለ መወዛወዙን ቀጠለ። ቀና ስል ይወዛወዛል፣ ጎንበስ ስል ይወዛወዛል፤ ባጃጅ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስትወርድማ ከባጃጇ ቀድሜ የምደርስ ይመስለኛል።

የሰፈራችን የጸሎት ቡድን እህቶች ቤቴ ድረስ መጥተው ጸለዩልኝ። ጾሙልኝም፤ መጾማቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እሑድ በምስክርነት ሰዓት መሪው ስሜን ጠርቶ እንዴት እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ፣ የጾሙት ሁሉ ባንዴ ዞረው አዩኝ። ምን ልበል? ሰባ በመቶ ልበል? ድኛለሁ አልኩ። "ሙሉ በሙሉ" የምትለዋን የጨመርኩት ግን እኔው ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ጣጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሙሉ በሙሉ የዳነ ሰው ግድግዳ ይዞ አይሄድም፤ እኔ ደግሞ ከቤቴ እስከ ቢሮ አጥር ለአጥር እየዳበስኩ ነበር የምሄደው፤ ቀስ ብዬ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣ ዓይኔን አንዳንዴ ጨፈን እያደረግኩ። ጎረቤት ይህን አየ። ወሬው እኔ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለካ ከዳንኩ ጀምሮ የሰፈሩን ቤት ሁሉ እየባረክሁ ነው የሚባለው። እንዲያውም አንዷ በደጇ ባለማለፌ ቅር ብሏት፣ ምን አድርጌሽ ነው የዘለልሽኝ ብላ ወቀሰችኝ። በማግስቱ በእሷ በኩል አለፍኩ። አትሳቁ። አጥሯ ጠንካራ ነበር፤ ጥሩ ይደግፋል።

እስከዚህ ድረስ ውሸቴ ማንንም አልጎዳም እያልኩ ራሴን እደልል ነበር። እትዬ ብርቅነሽ እስክታነቃኝ። ከላንቴ ሙዝ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ የደም ግፊት አለባት፣ ኪኒኗን ደግሞ ዘንግታ አታውቅም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አናቷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ አገኘኋት። ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል። ኪኒኑን እንደተወችው የነገረችኝ ኮራ ብላ ነው።

"አንቺ በጸሎት ብቻ ድነሽ፣ እኔ ኪኒን ብቅም እምነት የለኝም ማለት አይደል?"

ዞረብኝ። ይሄኛው ከጆሮ አልነበረም።

"እትዬ ብርቅነሽ፣ እኔ እኮ አልዳንኩም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ግድግዳ ምን ብለሽ ነው የምትነኪው?"

"እንዳልወድቅ ነዋ።"

እያመማትም ሳቀች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። እሷን ኪኒን ለማስዋጥ ስል አሁን የምዋሽ እንደሆነስ በምን ታውቃለች? በጉባኤ ፊት ያልኩትን በጉባኤ ፊት ካልመለስኩ ኪኒኑን እንደማትነካ ቁርጡን ነገረችኝ። ብለማመጣት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ማይኩን ያዝኩ። የምናገረው አጭር ነበር፤ አልዳንኩም፣ ዋሽቻለሁ፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። አፌን ከፍቼ ፊቴን ወደ ሴቶቹ ወገን መለስ ሳደርግ አዳራሹ ተነስቶ ይዞርብኝ ጀመር። ማይኩ ከእጄ አመለጠ፤ እኔም ምሰሶ አቀፍኩ። ጉባኤው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። መንፈስ ወረደባት ተባለ። መሪው እጁን አናቴ ላይ ጭኖ ወዘወዘኝ፤ አናቱ ለሚዞርበት ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ኪቦርዱም መዝሙር ጀመረ። እውነቱን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ግን ማን ይሰማኛል? ደግፈው ወንበሬ ላይ አስቀመጡኝ።

ብርቅነሽ አጠገቤ ነበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቋን አፍና ነው። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ኪኒኗን አወጣች። ለምን ይዛው እንደመጣች አልጠየቅኳትም።

"እንዲህ የሚንገዳገድ ሰው አልዳነም" አለችኝ በጆሮዬ፤ ያለ ውሃ ዋጠችው።

እሷ ሰኞ ሐኪሟ ጋ ሄዳ ተቆጥተዋት መጣች፤ ደህና ናት። እኔም በየቀኑ እየተሻለኝ ነው። ሌላው ሰው ግን ዛሬም ስለ መዳኔ ይመሰክራል፣ ማይክ ደግሞ ከእንግዲህ አልይዝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለእናንተ ጻፍኩት። በእኔ ምክንያት መድኃኒቱን የተወ ካለ፣ እባካችሁ ሐኪሙ ጋ ይመለስ። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።