የገረመው ወገብ እና የፍራኦል ስልክ

[ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ውጭ አገር፣ ፓርክዴል ሰፈር፣ የገረመው አፓርትመንት። ገረመው ረጅሙ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ወገቡን በነጠላ ጠፍሯል። ወገቡ ምንም አልሆነም። እትዬ ቦጋለች ዛሬ ከዌስተን ሰፈር ወደ ኢስት ዮርክ ቤት ስለሚቀይሩ፣ ዕቃ ላለመሸከም ሲል ከትናንት ጀምሮ ታሟል። ጓደኛው ፍራኦል ሊጠይቀው መጥቷል። በሽታው ግን ለጊዜው ተረስቶ ክርክሩ በፍራኦል አዲስ ስልክ ላይ ነው።]

ገረመው፦ ላስቲኩን ላጥከው?

ፍራኦል፦ ላጥኩት። መሸፈኛ ነው ብዬ።

ገረመው፦ መሸፈኛ ከሆነ ለምን ይላጣል? የእናትህ ቤት ሪሞት ስንት ዓመት በላስቲክ ኖረ? ዛሬም አዲስ ነው።

ፍራኦል፦ ቁጥሩ አይታይም እንጂ አዲስ ነው።

ገረመው፦ አምጣው እስቲ። [በተኛበት ተቀበለውና አገላበጠው።] ስማርት ፎን የሚሉት ይሄ ነው? ቁልፍ የለው፣ ክዳን የለው። ቢወድቅስ?

ፍራኦል፦ ይሰበራል አሉኝ።

ገረመው፦ እየነገሩህ ገዛኸው። ጎበዝ። የኔ ስንቴ ስትሪትካር ባቡር ውስጥ ወድቆ ባትሪው ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ ሲሄድ፣ ገጣጥሜ ሄሎ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ያልገዛሁት አጥቼ መሰለህ? ንቄው ነው።

ፍራኦል፦ እሱስ ልክ ነህ። ወገብህ እንዴት ነው?

ገረመው፦ [መታመሙ ትዝ አለውና ፊቱን ጨመደደ።] ተወኝ ወንድሜ። መተንፈስ እንኳን አልቻልኩም። እትዬ ቦጋለች ምን አሉ?

ፍራኦል፦ አዘኑ። ይሄን አጥሚት በፔርሙስ ላኩልህ። ሶፋቸውን እኔና ጓደኛችን ዳዊት አወጣንላቸው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፣ በደረጃ።

ገረመው፦ ወይኔ፣ ሳላግዛቸው። ስለ ሽማግሌዎቹስ አላነሱም?

[ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ገረመው በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ የእትዬ ቦጋለችን የእህት ልጅ፣ መሠረትን፣ በሽማግሌ ሊያስጠይቅ ነው። የልጅቷ ወላጆች አገር ቤት ስለሆኑ እሺም እምቢም ማለት የአክስቷ ነው።]

ፍራኦል፦ አነሱ። "ለሰው የሚደርስ ሰው ይሁን እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉ።

ገረመው፦ ለሰው መድረስማ እኔን ነው ማየት።

ፍራኦል፦ እኔም እንደዛው ነው ያልኳቸው። እንግዲህ እንደተኛህ አንድ ፎቶ ላንሳህና…

ገረመው፦ እንደዛ አይያዝም። ጣትህ ካሜራው ላይ ነው። የምታነሳው እኔን ነው ጣትህን?

ፍራኦል፦ እንዳትነሳ። ነጠላው እንዲታይ ፈልጌ ነው፣ ምክንያቱም…

ገረመው፦ አታቋርጠኝ፣ ላስተምርህ። ካሜራ ማለት ብርሃን ነው። እዚህ ጥግ ምን ብርሃን አለ? [ነጠላውን ፈትቶ ወረወረና ብድግ አለ።] ደግሞ ፎቶ አሮጌ ነገር ነው፣ ቪዲዮ አድርገው። ቀዩን ንካ።

ፍራኦል፦ ነካሁት። ግን ወገብህ…

ገረመው፦ ወገቤን ተወውና እጅህን አታንቀጥቅጥ። [ባለአንድ ሰው ሶፋውን ብቻውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ቴሌቪዥኑ ብርሃን ከለከለ ብሎ እሱንም ከነጠረጴዛው ገፋው። ከዚያ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ፈገግ አለ።] በቃ፣ አጥፋው። ሰው እንዲህ ነው የሚቀረጸው።

ፍራኦል፦ ቆንጆ ነው። እኔ እንኳን መላኩ ይቅር፣ እናጥፋው ባይ ነኝ።

ገረመው፦ መላክ ስለማታውቅ ነው። አምጣ። ይቺን ትጫናለህ፣ ቁጥር ይመጣል። አንድ ቁጥር ብቻ?

ፍራኦል፦ ስም አልጻፍኩበትም። ቁጥሩ የ…

ገረመው፦ አታቋርጠኝ አልኩህ። አንድ ከሆነ የራስህ ነዋ። አዲስ ስልክ መጀመሪያ የሚይዘው የባለቤቱን ቁጥር ነው። ይሄ እንኳን ይጠፋሃል?

ፍራኦል፦ እኔ ምን አውቃለሁ።

ገረመው፦ ሰንድ። ሄደ። አሁን ለማንም ቴክስት ማድረግ ትችላለህ። ምስጋናውን ሌላ ቀን።

[ፍራኦል አመስጋኝ አይመስልም። ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን አየ።]

ፍራኦል፦ የእትዬ ቦጋለች ቁጥር ነው።

ገረመው፦ የቱ?

ፍራኦል፦ የላክህበት። ጠዋት አስገቡልኝ። "ሄደህ ጠይቀው፣ እንዴት እንደሆነም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ልቤ ይዋሻል ይለኛል" ብለው።

[ገረመው ቀስ ብሎ ከሶፋው ተነሳ። ወገቡን የያዘው አሁን ከልቡ ነው።]

ገረመው፦ አንተ ምን ልትልክላቸው ነበር?

ፍራኦል፦ ነጠላ ታጥቀህ ስታቃስት። ሐሙስ ዕለት ኳስ አብረን ተጫውተን የለ? መታመምህን እኔ አላመንኩም። እሳቸው ይመኑ ብዬ ነው የመጣሁት።

ገረመው፦ ታዲያ ለምን አትናገርም?

ፍራኦል፦ እያስተማርከኝ ነበር።

[ስልኩ ጮኸ።]

ገረመው፦ እሳቸው ናቸው? ምን አሉ?

ፍራኦል፦ የጻፈችው መሠረት ናት። እሳቸው ቴክስት አይችሉም፣ አጠገባቸው ሆና ነው የምትጽፍላቸው።

ገረመው፦ እሷም አየችው?

ፍራኦል፦ ስልካቸው እሷ እጅ ላይ ነው። ላንብብልህ? "እቴቴ እንዲህ ትላለች፦ ምስኪን ልጅ፣ እንዲህ ታሞ ሽማግሌ ማሰለፍ ይከብደዋል። እሁድን ይተወው። ወገቡ እስኪድን እንጠብቃለን።"

ገረመው፦ [በተስፋ] እንጠብቃለን ነው ያሉት?

ፍራኦል፦ ከሥር መሠረት የራሷን ጨምራለች። "እኔ ግን አልጠብቅም።"