ጋሽ ከድሮ እና መዞር የተወው መብራት

በዚህ አገር የመኪና ኮፈን ብቻውን ተከፍቶ አያውቅም። ባለቤቱ ወርዶ፣ ኮፈኑን አንስቶ፣ መደገፊያዋን ብረት ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ሰው ከጎኑ ቆሟል። ከየት እንደመጣ አይታወቅም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ሞተሩን እንደ ታማሚ ያየዋል። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ምላሱን "ጭ!" ያደርጋል። አንባቢዬ ይህን ሰው ሳያውቀው አይቀርም። በሌላ ከተማ ስሙ ሌላ ይሆናል፤ በእኛ በቡታጅራ ግን ጋሽ ከድሮ ይባላል።

ክቡር ጋሽ ከድሮ፣ የኮፈኖች ሁሉ የበላይ አማካሪ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሰፉት ከሳላሀዲን ጋራዥ ፊት ለፊት ባለ በረንዳ ላይ ነው። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው እንደ ሐኪም ማዳመጫ ከአንገታቸው አይወርድም። መኪና የላቸውም። መንጃ ፈቃድ የላቸውም። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ይህ ሁሉ ግን አንድም ቀን ምክር ከመስጠት አላገዳቸውም።

ኮፈን ሲከፈት ከሦስት መቶ ሜትር ይሰማሉ። እግራቸው ከፔዳሉ ይነሳል፣ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ይቀራል፣ ሊለካ የመጣው ደንበኛም ክንዶቹን እንደዘረጋ ይቀራል። እሳቸው "ቆይ! ቆይ! እንዳትነካው!" እያሉ መንገዱን ያቋርጣሉ። የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ትዝ ይለኛል። ቀበሌያችን አምስት ሰው ለማሰባሰብ ሦስት ቀን ሲለፋ፣ ጋሽ ከድሮ በአንድ ኮፈን ዙሪያ ሃያ ሰው በአምስት ደቂቃ ያደራጁ ነበር።

አንድ ጊዜ ከጉብሬ የመጣ ሚኒባስ ውሃ አፍልቶ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሙባሪክ ይባላል። ጋሽ ከድሮ ራዲያተሩን እያሳዩ "ክዳኑን ክፈተው፣ ይተንፍስ!" አሉት። ከፈተው። ተነፈሰ። የሙባሪክ ቅንድብ እስከ ጥምቀት አልበቀለም። እሳቸው ግን "አየህ፣ ታፍኖ ነበር" ብለው በኩራት ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ሌላ ጊዜ የሙሽራ መኪና አልነሳ ብሎ ቆመ። የሙሽራውን ሱሪ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሚዜዎቹ ሲገፉ ሙሽራው ሊያግዝ ቢወርድ፣ "አንተ ተው፣ መቀመጫህ ላይ ያለውን ስፌት እኔ ነኝ የማውቀው!" ብለው በአደባባይ ጮኹበት። ሙሽሪት ከውስጥ ሰማች ይባላል። ባጃጅ ወደ ከተማችን የገባ ሰሞን ደግሞ ኮፈኑን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞሩት። ከፊት የለም። "ይሄ የሚደብቀው ነገር አለው" አሉ። ዛሬም ድረስ ባጃጅ አያምኑም።

እንዲህ ስጽፍ በሰውየው የምቀልድ ይመስላል። ልቀልድ አልነበረም የተነሳሁት። እኔ ሰው ፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልንተባተብ መናገር የማልችል የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ነኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በሰው ፊት ጮክ ብዬ፣ ሳልንተባተብ፣ ጥርት አድርጌ ተናግሬ አውቃለሁ። የተናገርኩትም ስድብ ነው። የሰደብኩት ጋሽ ከድሮን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዬ ከሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደች፣ ከእኔ በፊት አራት ሰው የተፈራረቀባት የጃፓን አሮጊት ናት። ይሁን እንጂ አንድ መኩሪያ አላት፤ የፊት መብራቶቿ መሪውን ተከትለው ይዞራሉ። ወደ ግራ ስትጠመዝዛት ወደ ግራ ያያሉ። ከኋላ ጭነት ሲበዛባት ደግሞ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እንዳይወጉ ራሳቸው ዝቅ ይላሉ። እኔ ጉራ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ስለ መብራቶቹ ግን ሳልጠየቅም አወራ ነበር።

ከመስቀል በኋላ መብራቶቹ መዞር ተዉ። እንደ እኔ እንደ ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከመሪው ጀርባ ካሉት ምልክቶች አንዷ ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ አትጠፋም።

ምክንያቱን እጠረጥር ነበር። እኛ ዘንድ ለመስቀል ሰው አዲስ ልብስ ያሰፋል፤ መኪና ያለው ደግሞ ጭነት እንዳያወርዳት የመኪናውን ኋላ ከፍ ያስደርጋል። ወደ እምድብር ቤተሰብ ዘንድ ስንሄድ ባለቤቴ አደይ፣ አራት ልጆች፣ አማቴ፣ ቅቤው፣ ከረጢቱ ሁሉ በአንዲት መኪና ነው። ባለፈው ዓመት ሆዷ መሬት እየላሰ ነው የገባነው። ዘንድሮ ለሥራ ወልቂጤ በሄድኩበት፣ አንድ የመንገድ ዳር ሠራተኛ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ የኋላ ሞላዎቿ ላይ ሸጎጠልኝ። ወዲያው ከፍ አለች። ሳላሀዲን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ "ተረፈ፣ ጎማ እንዳታስገባባት። ይቺ ቁመቷን ራሷ የምትለካ መኪና ናት" ብሎኛል። እናም ጎማውን ማስገባቴን አልነገርኩትም።

መኪናዋን ወደ ሳላሀዲን ጋራዥ በወሰድኩበት ቀን ኮፈኗ ተከፍቶ አሥራ አምስት ያህል ሰው ከቧታል። ሳላሀዲን እጁን እየጠረገ ብቅ አለ።

"አምፖሉ ይሠራል። ፊውዙም ደህና ነው። ሽቦውን እስከ መሪው ድረስ ተከትዬ አየሁት" አለ። "ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሆነ ቦታ አስነክተሃታል እንዴ?"

"ኧረ ምንም" አልኩ።

ጋሽ ከድሮ በዚያ ቀን ኮፈኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሱሪ የሚሞክር ደንበኛ እንደሚያዩ፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ይቺ ከኋላ ተነስታለች" አሉ።

ሳቅ ሆነ።

"ጋሽ ከድሮ፣ መብራቱ እኮ ያለው ከፊት ነው!" አለ አንድ ባለ ባጃጅ።

"ተዋቸው፣ ኮት ሊሰፉላት ነው!" አለ ሌላው።

እሳቸው ማንንም አልሰሙም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ተንበረከኩ። ከጎማው አናት እስከ ፓራፋንጎው፣ እስከ ጭቃ መከላከያው ለኩ፤ ቀኙን ለኩ፣ ግራውን ለኩ፣ የፊቱንም ለኩ።

"ወላሂ ተነስታለች! ቀኙ ደግሞ ከግራው ሁለት ጣት ይበልጣል። ቆይ፣ እንዳትነኩት የፊቱን። ሳላሀዲን፣ ከሥሯ ግባና ከኋላ እይ። ቆይ እኔው ልየው" ብለው ጎንበስ አሉ። ጉንጫቸው አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ ቀረው። አንድ ስንዝር ዝቅ ቢሉ ሞላው ላይ የተሸጎጠውን ጎማዬን ያዩታል።

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

"ጋሽ ከድሮ! ይሄ ሱሪ አይደለም! አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ስለ መኪና ምን ያውቃሉ? ሁልጊዜ መሳቂያ የሚሆኑት ለዚህ ነው! ይሂዱና ቁልፍዎን ይትከሉ!"

ሳቁ ተቋረጠ። ጋሽ ከድሮ ቀስ ብለው ተነሱ። ሜትሩን ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ፣ "እሺ" አሉ። እሺ ብቻ። ጉልበታቸው ላይ የያዘውን አቧራ ሳያራግፉ መንገዱን ተሻገሩ።

በሦስተኛው ቀን ሳላሀዲን ከአዲስ አበባ የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር ተውሶ አመጣ። ኮምፒውተሩ ከኋላ የመኪናዋን ቁመት የሚያነበው መሣሪያ አይሠራም አለ። ሳላሀዲን ከሥር ገባ። ከእግሩ በቀር የሚታይ የለም። ከዚያ ድምፁ መጣ።

"ተረፈ።"

"አቤት።"

"የቁመት መለኪያዋ ዘንግ ተመዞ ወልቋል። ሞላዋ ላይ ደግሞ ጎማ አለ። ማን ነው ያስገባው?"

"እኔ እንጃ... ስገዛት የነበረ መሰለኝ።"

ሳላሀዲን ወጣ። የያዘውን ጎማ አገላብጦ አየው፤ የተቆረጠበት ጎን ገና ጥቁር ነው፤ ጭቃ እንኳ አልጠገበም። እኔን አየኝ፤ ጎማውን አየው፤ መፍቻውን አነሳ። ሰው አይነካም ሳላሀዲን። ሌላውንም ጎማ አወጣ፣ ዘንጉን መለሰ። መሪውን ሳዞር መብራቶቹ ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። ከተማው ሳምንት ሙሉ ያወራው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። "ከኋላ መሆኑን በአንድ ደቂቃ አወቀው!" ይባላል። ከሦስት ቀን በፊት በአንድ ዓይናቸው ያወቁትን ሰው ያነሳ የለም። ላነሳቸው የምችለው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ካነሳሁ ጎማውን ማንሳቴ ነው።

ጋሽ ከድሮ ወደ ኮፈን መምጣት ተዉ።

በመጀመሪያ ያመሙ መሰለን። አልታመሙም። አንድ የጭነት መኪና በረንዳቸው አጠገብ ቆሞ ኮፈኑን ከፈተ፤ ቀና አላሉም። ሾፌሩ ግራና ቀኙን እያየ ትንሽ ቆየና "ሰውየውን ምን አድርጋችኋቸው ነው?" አለ። ሳላሀዲን እንኳ አንድ ቀን፣ "ሥራው ፈጠነልኝ። ግን ቀብር ላይ የምሠራ ነው የሚመስለኝ" አለኝ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ሳይቋረጥ ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ድሮ በሰዓት አሥር ጊዜ ይቋረጥ ነበር።

እኔ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅበትም። ማሳጠር የማያስፈልገው ሱሪ ይዤ ሄድኩ። ድሮ "አንተ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። በዚያ ቀን ግን ሜትራቸውን ዘርግተው፣ "ስንት ላሳጥርልዎ?" አሉኝ። እርስዎ! የተሰደቡት እሳቸው፣ የተመታሁት እኔ። "ሁለት ጣት" አልኩ፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ። ዛሬ ያ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነው የሚቀረው። እለብሰዋለሁ።

ነገሩን ለአደይ ስነግራት ሱሪውንም እኔንም አየች።

"ሱሪ አሳጥረህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ቅዳሜ ምሳ ይምጡ። አይብና ጎመን ከቆጮ ጋር አደርጋለሁ፤ ሥጋ የሚባል አላስገባም፣ እንዳይቸገሩ። ሄደህ በመኪናህ አምጣቸው።"

ቅዳሜ መኪናዬን በረንዳቸው ሥር አቆምኩ። ጋሽ ከድሮ ሰላምታዬን ተቀበሉና መኪናዋን አዩ። አንድ ዓይናቸው ሲጨፈን አየሁ።

"ወርዳለች" አሉ።

"አዎ።"

"ጎማ ነበር?"

"ጎማ ነበር።"

"ያስገባኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አልኩ።

ፔዳሉን ረገጡ። አንድ እጅጌ ሰፍተው እስኪጨርሱ ቆምኩ። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ።

"ሁሉም መሣሪያ ተበላሸ አለ እንጂ ተነስታ ነበር ያለ የለም። እኔ ዓይኔ የከዳኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ሌሊት እየነቃሁ አስባለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰፋሁበት ዓይን ነው። ሁለት ጣት ካላየሁ ሰው ምን ላለብስ ነው?"

ስለ መሳቂያነታቸው ተቀይመው መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ያህል ቀን የከረሙት ይህን ተሸክመው ነው።

"ጋሽ ከድሮ፣ አደይ ምሳ እየጠበቀችዎት ነው። ይግቡ፣ እንሂድ" አልኩና የፊተኛውን በር ከፈትኩላቸው።

አልተንቀሳቀሱም። ግራና ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"እኔ መኪና ውስጥ አልገባም" አሉ በሹክሹክታ። "ያስመልሰኛል። ልጅ ሆኜ እስከ ወልቂጤ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አላህ ያውቃል እንዴት እንደደረስኩ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነኝ።"

ይህንን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ "መኪናን ደህና አድርጎ የሚያየው ውጭ የቆመ ሰው ነው ብለህ ግን ጨምርበት" ብለዋል። ጨምሬያለሁ።

መኪናዋን እዚያው ቆልፌ በእግር ጀመርን። ቤቴ ከከተማው ዳር ነው፤ መንገዱም በሳላሀዲን ጋራዥ በር ያልፋል። ሰዎቹ እንደተለመደው እዚያ ናቸው። ባለ ባጃጁ ሲያየን ሳቅ ጀመረ።

"ተረፈ፣ መብራቱ ተሠርቶ በእግር? ደግሞ ምን ሆነች?"

ላልፍ ፈለግሁ። እግሬ ግን ቆመ። ጋሽ ከድሮም የሰማዩን ደመና የሚያዩ መስለው ከጎኔ ቆሙ።

"ያን ቀን..." አልኩ። "ያን ቀን ጋሽ ከድሮ ያሉት ልክ ነበር። ከኋላ ነበር። ጎማውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዳያዩብኝ ብዬ ነው የሰደብኳቸው።"

ድምፄ የወጣው ከትንፋሽ ትንሽ በልጦ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ምን አለ?" አለ አንዱ።

ጋሽ ከድሮ ክንዴን ጨበጡት።

"በል ደግመው፣ ጮክ በል" አሉኝ። "ሳላሀዲን መኪና ሥር ነው ያለው፤ አይሰማህም።"