ወይዘሮ በለጥሻቸውና የሰልፉ ጫፍ

በአገራችን ከሚታወቁት ሥልጣኖች ሁሉ ማንም የማይሾምበት፣ ማንም የማይሻርበት አንድ ሥልጣን አለ፤ የሰልፍ አስከባሪነት። ሰዎች ተከታትለው በቆሙበት ስፍራ ሁሉ ይህ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፤ የሹመት ደብዳቤ የለውም፤ ክንዱ ላይ ያሰረው ምልክት የለም። ሆኖም «አንተ፣ ወደ ኋላ!» ያለ እንደሆነ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል። ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ያለኝን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። ሰልፍ የሚያስከብረው ለፍትሕ ተቆርቁሮ አይደለም፤ ማዘዝ ስለሚጣፍጠው ነው። ሥርዓት የሚወድ ሰውማ በራሱ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል።

በመካነ ሰላም ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ በለጥሻቸው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጥላቸውን እንደ ዘንግ ጨብጠው ይመጡና ያችኑ የተለመደች ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ «ከማን ኋላ ነህ?» ለዚህች ጥያቄ መልስ ያላዘጋጀ ሰው በዚች ከተማ እህል አያስፈጭም፣ መርፌ አይወጋም፣ መኪና አይሳፈርም።

ወፍጮ ቤት ያለው ሰልፍ የድንጋይ ሰልፍ ነው። ባለ ጉዳዩ ማልዶ ይመጣና ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ የራሱን ድንጋይ አኑሮ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወይዘሮ በለጥሻቸውን አያውቃቸውም። «ይቺ ጥቁሯ የየትምወርቅ ናት። ይኼ ድቡልቡሉ የዓባይነህ ነው፤ እንደ ባለቤቱ አንድ ቦታ አይረጋም» ይላሉ። ዓባይነህ የአክስታቸው ልጅ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በጤና ጣቢያ ደግሞ ሕሙማንን ሐኪሙ ሳያያቸው ይመድቧቸዋል። ነፍሰ ጡር ወደ ፊት፤ የሚያተኩሰው ቀጥሎ፤ «አንተ እንኳ የታመምኸው ሥራ ስለ በዛብህ ነው» የተባለው መጨረሻ። ምደባቸው ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ብዙ ጊዜ እንደሚገጥም ሰምቻለሁ። ቢገጥምም ፈቃድ አይሆናቸውም።

በጠበሉ ስፍራ ያደረጉትን ያላየ አያምንም። መምሬ መልአኩ ጠበሉን ሊባርኩ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ ወይዘሮ በለጥሻቸው መንገድ ዘጉባቸው። «መምሬ፣ ከማን ኋላ ነዎት?» መምሬም ትሑት ሰው ስለሆኑ «ከእኚያ እናት ኋላ» ብለው ቆሙ። ጠበሉ ሳይባረክ፣ ሰልፉም ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ አለፈ፤ ምክንያቱን ለመናገር የደፈረ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ግን የመናኸሪያው ነው። ወደ አቀስታ የሚሄደው ሚኒባስ ሲመጣ ተሳፋሪውን በተራ ያስገባሉ፣ በሩን በእጃቸው ይዘጋሉ፣ «በሰላም ግቡ!» ይሉና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እርሳቸው የትም አይሄዱም። የማይሳፈሩበትን መኪና ሰልፍ ማስከበር ምን ይባላል? ፍርዴን ከላይ ተናግሬአለሁ።

እንግዲህ ምርጫ መጣ። በቅስቀሳው ወራት ወይዘሮ በለጥሻቸው ለአንዱ ወገን፣ ዓባይነህ ለሌላው ወገን ቤት ለቤት ዞሩ። ሁለቱ ወፍጮ ቤት በተገናኙ ቁጥር ሞተሩ እንኳ አይሰማም ነበር።

«እትዬ፣ የአንቱ ሰው ያሸነፈ ዕለት እኔ ወግዲ ገብቼ እኖራለሁ» ይላል ዓባይነህ።

«ሂዳ! እዚያም ሰልፍ አለ» ይላሉ እርሳቸው።

ዘግይቶ የነበረው የሰኔ ዝናብ በምርጫው ዋዜማ ወረደ። ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ጣራ ሲከድን ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፤ የባቄላ ማሳውም ጦም አድሮ ነበር። ጎረቤቶቹ ዝናብ በጣለ ማግስት በደቦ ሊያርሱለትና ሊዘሩለት ቃል ገብተዋል። ከምርጫው ቀጥሎ ያለው ቀን በዓል ነው፤ በሬ አይጠመድም። ስለዚህ ደቦው በምርጫው ቀን ሆነ። የደቦው ሰዎች፣ ዓባይነህም ከእነርሱ ጋር፣ ንጋት ላይ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ ምርጫ ጣቢያው ድንኳን ጎራ አሉ፤ ወፍጮ ቤት እንደለመዱት እያንዳንዳቸው በሰልፉ ላይ ድንጋይ አኖሩ፤ ከዚያም ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። በዚህ ውስጥ አንዳች ጉድለት አልታያቸውም።

እኔ ወይዘሮ በለጥሻቸውን ላለማግኘት ስል አመሻሽ ላይ ሄድሁ። እርሳቸው ግን እዚያው ነበሩ፤ ከጣቢያው ገመድ ውጭ፣ በካፊያው ውስጥ በጥላቸው ሥር። የጣቢያዋ ኃላፊ ጸደንያ ጨዋ፣ ጠንቃቃ ወጣት ነች፤ ከትልቅ ከተማ የመጣች ስለሆነች የድንጋይ ተራ አታውቅም።

«እማማ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«መራጮች ናቸው።»

«ድንጋይ ናቸው እኮ።»

«ባለቤቶቻቸው ባቄላ እየዘሩ ነው፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ድንጋይ አይመርጥም።»

«ይምረጥ ማን አለ? ተራ ይያዝ ነው ያልሁሽ።»

ጸደንያ ድምፅዋን ሳትቀይር አስረዳች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሰልፉ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይመርጥም። «ሰው ነው የሚለው፣ እማማ።» ፍርዷ ትክክል ነበር፤ በልቤ አጸደቅሁላት። ድንጋዮቹ ከሰልፉ ወጡ፤ እኔም ከጎረቤቴ ከይሄነው ኋላ የሰልፉ የመጨረሻ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ወደ ሜዳው ጫፍ ሄደው እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው ተጣሩ። «ኧረ እናንተ ማዶ! ሰዓቱ እየሞላ ነው!»

የዓባይነህ ድምፅ ከማዶ መለሰ። «አንድ ትልም ቀረን!»

«ትልሙ ነገ ይደርሳል!»

«ነገ በዓል ነው!»



ትልሙ አለቀ፤ በሬዎቹ ተፈቱ። እኛም አሁን ይሮጣሉ ብለን ስንጠብቅ ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ቢያድግልኝ ቤት ገቡ። ሲወጡ ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቢያድግልኝ የመራጭነት ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ተኝቶበታል። ቆይቶ እንደሰማሁት፣ ቀኑን ሙሉ ከአልጋው ሆኖ ሲጮኽ ነው የዋለው፤ «የእኔ ይቅር! እናንተ ግን በእኔ ማሳ ምክንያት ድምፃችሁን ካጣችሁ ያን ባቄላ በአፌ አላዞረውም!» ይል ነበር። እነርሱ ደግሞ እርሱን ትተው ላለመሄድ ተማምለው ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ከወንዙ እስከ ድንኳኑ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። እንደማይደርሱ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ።

ከቃሬዛው ላይ «አስቀምጡኝና ሩጡ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«ዝም በል! ሸክም አይናገርም!» አለው ዓባይነህ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ በለጥሻቸው ወደ ገመዱ ቀረቡ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ የሰልፉ ጫፍ የት ነው?»

«የመጨረሻው ሰው የቆመበት ነዋ።»

«በሰውና በሰው መካከል ስንት ክንድ ይሁን ይላል ሕጉ?»

ጸደንያ መመሪያዋን ገለጠች። የሁለቱ ወገን ታዛቢዎችም አንገታቸውን አስግገው አብረዋት አነበቡ። «ስለ ርቀት የሚል የለም» አለች በመጨረሻ።

«በኮሮናው በሽታ ጊዜ ‹ተራራቁ› እያላችሁ ስትቆጡን አልነበረም?»

«ነበር።»

«ዛሬስ ክልክል ነው?»

ጸደንያ ወደ ማዶ ተመለከተች፤ ወደ መመሪያው ተመለከተች፤ ከዚያም ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። «ተራርቆ መቆም ክልክል አይደለም፣ እማማ።»

«ሰልፍ!» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው። «ተራራቁ!»

እየሮጡ መጥተው የእጄን አንጓ ያዙ። «አንተ መምህር! ከማን ኋላ ነህ?»

«ከይሄነው ኋላ።»

«ይሄነውን ከዓይንህ ሳታጠፋ ወደ ኋላ ሂድ!»

ሄድሁ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ እየተራራቁ፣ እኔም በንጹሕ ጫማዬ፣ ፊቴን ወደ ድንኳኑ አድርጌ ቁልቁል በጭቃው ውስጥ የኋልዮሽ ተራመድሁ። «መምህር፣ ወደ ግራ! ከኋላዎ ጉድጓድ አለ!» ይለኛል ይሄነው። እየተራመድሁም ሕሊናዬን መረመርሁ። ሰልፉን ጥዬ ወጥቻለሁ? አልወጣሁም። የሌላ ሰው ተራ ወስጃለሁ? አልወሰድሁም። ጥፋት ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። አንጓዬን ሲይዙኝ ጥፍራቸው ላይ የምርጫው ቀለም ነበር፤ ደርቆ፣ ቆዳቸው ውስጥ ገብቶ፣ የጠዋት ቀለም። ወይዘሮ በለጥሻቸው ጣቢያው እንደተከፈተ መርጠው ጨርሰዋል። የሚጠብቁት ተራ አልነበራቸውም። ዝናቡ ሲወርድባቸው የዋለው ለሌላ ሰው ነው። ያውም ለእነማን? ደቦው የዓባይነህ ሰፈር ደቦ ነው። ደጃቸውን እያንኳኩ የለመኗቸውም፣ የእምቢታቸውን መልስ በጆሯቸው የሰሙትም እርሳቸው ናቸው። ከቃሬዛው ጋር የሚመጣው ድምፅ ለየትኛው ወገን እንደሚሰጥ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እያወቁ ሰልፉን አስረዘሙለት።

ሰልፉ ከድንኳኑ ደጃፍ እስከ ወንዙ ዳር ተዘረጋ። ፖሊሱ አህመዲን የሰልፉን ጫፍ እንዲዘጋ ታዝዞ እየሳቀ ቁልቁል ይመጣል። «ወላሂ፣ የሚሸሽ ሰልፍ ጠብቄ አላውቅም!» አንድ እግሬ ውኃው ውስጥ ገባ። ቃሬዛው ወንዙን ሲሻገር ተወዛወዘ፣ አዘነበለ፣ ተቃና። ቢያድግልኝ ተንጠራርቶ የኮቴን ጫፍ ጨበጠ።

«መምህር! ከአንተ ኋላ ነኝ!»

የቀሩት እየተጋፉ ከቃሬዛው ኋላ ተሰለፉ። ወዲያው «አሥራ ሁለት ሰዓት!» የሚለው ቃል ከድንኳኑ ተነሥቶ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ወረደ። አህመዲን ዞሮ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ። «በሬዎቹ ከሰልፍ ይውጡ!» ውኃ ፈልገው ተከትለው መጥተው ነበር። ከላይ እስከ ታች ሜዳው ሙሉ ሳቀ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ሳቅሁ።

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጸደንያ ጀሪካን ውኃ አስመጣች፤ የደቦው ሰዎች ጥፍር ከጭቃው ካልተለየ ቀለሙን መቀባት አይቻልም ነበር። ቢያድግልኝ በቃሬዛው ገብቶ በቃሬዛው ወጣ፤ ቀለም የነካውን ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነበር። ዓባይነህ መጨረሻ ላይ ወጣ።

«መረጥህ?» አሉት ወይዘሮ በለጥሻቸው።

«መረጥሁ። ለማን እንደሆነ ያውቁታል እንግዲህ፣ እትዬ።»

«አውቀዋለሁ፤ ምን ላድርግህ? ተራህን ይዘህ ነው የገባኸው።»

በማግስቱ ውጤቱ በጣቢያው ደጃፍ ተለጠፈ። ሕዝቡ ለማንበብ ሲጋፋ ወይዘሮ በለጥሻቸው አሰለፉት፤ ወረቀት ለማንበብ ተሰልፌ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። እርሳቸውም ከዓባይነህ ኋላ ቆመው ተራቸውን ጠበቁ። ደርሰውም በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡ። በዚያ ጣቢያ የእርሳቸው ሰው አልቀናውም። ከአጠገባቸው የቆመውን የወገናቸውን ታዛቢ ጠየቁት።

«ቆጠራው ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ፈርሜበታለሁ።»

ጣታቸውን ከወረቀቱ አነሡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዘወር አሉ። «ቀጥሎ!»

ማዘዝ እንደሚጣፍጣቸው የተናገርሁትን አላነሣም፤ ይጣፍጣቸዋል። ነገር ግን ባላጋራውን በገዛ እጁ ወደ ምርጫ ሣጥኑ የሚያደርስ ሰው ባለበት ከተማ በመኖሬ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ዓይነት ቃል በቀላሉ እንደማልጽፍ አንባቢ ያውቃል። በምርጫው ምሽት ሰው ሁሉ ቢያድግልኝን ተሸክሞ እየዘፈነ ወንዙን ሲሻገር፣ እርሳቸው ጥላቸውን አጥፈው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምስጋና ይገባቸው ነበር፤ ያመሰገናቸው አልነበረም። እትዬ በለጥሻቸው፣ እናመሰግናለን።