የዝምታ ውድድር በትርንጎ ጠጅ ቤት
ወዳጄ፣ ነጋዴ ሙክት በነፃ እሰጣለሁ ሲልህ አትጠረጥርም? እኔ እጠረጥራለሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ወረታ ላይ ጠጅ ትሸጥ የነበረች ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ቤቷ ጭር ቢልባት፣ አንድ ሙክት ጓዳው በር ላይ አስራ፣ «እየገዛ እየጠጣ እስኪመሽ ቃል ያልተነፈሰ ይህን ሙክት ይወስዳል» ብላ አስወራች። ከከተማው ውጭ፣ ከቁሐር ሚካኤል መንደር ሳይቀር ሰው ጎረፈ። እየጠረጠርኩም ቢሆን ገባሁ።

ሦስተኛውን ብርሌ ስቀምሰው ውሃ ሆኗል። ሌሎቹም ቀምሰዋል፤ ግን ማን ይናገር? አጠገቤ የተቀመጡትን መሪጌታ በክርኔ ነካ ባደርጋቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሙክቱ አዞሩ። አላስችል አለኝ።

«ኧረ ይሄ ውሃ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አያ ካሴ፣ እርስዎ ተሸነፉ!» አለችኝ ትርንጎ እየሳቀች።

ጠጪው ሁሉ አጨበጨበና ውሃውን በጸጥታ መጠጣቱን ቀጠለ።